ኪሞ ለሚወስድ ሰው አስታማሚዎች፦ ከከተማ ዳር ሆኖ ትኩሳቱን ቀድሞ መያዝ

ኪሞ (ኬሞቴራፒ፣ የካንሰር መድኃኒት) ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ የቀሩትን ሳምንታት ታማሚው የሚያሳልፈው ቤቱ ነው። አስታማሚውም ልጅ፣ ሚስት፣ እህት ወይም ጎረቤት እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ መንገዱ። ቀን ላይ ሁለት ሦስት ታክሲ ተቀያይሮ የሚደረስበት ሆስፒታል ሌሊት ጨርሶ የማይደረስበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ለአንድ ነገር ነው፦ ችግሩ ገና ሲጀማምር አውቆ፣ መኪና ሳይጠፋ መነሳት።

የሚቆጠሩት ቀናት

ኪሞ ፈጥነው የሚራቡ ሴሎችን ይመታል። የካንሰሩ ሴሎች ፈጥነው ይራባሉ፤ መቅኒ ውስጥ ያሉት ደም ሠሪ ሴሎችም እንዲሁ ስለሆኑ አብረው ይጎዳሉ። ከሁሉ የሚያሳስበው ባክቴሪያን የሚከላከሉት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ማነስ ነው። በአብዛኞቹ መድኃኒቶች ቁጥራቸው በጣም ዝቅ የሚለው ኪሞው ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ያገግማል። ብዙዎቹ ሕክምናዎች በየ21 ቀኑ የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኪሞ የተሰጠበትን ቀን አንድ ብላችሁ ቁጠሩና ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ከ7ኛው እስከ 14ኛው ያሉትን ቀናት አክብቡ። በየሳምንቱ የሚሰጥ ከሆነ ቆጠራው ይለያልና ሐኪሙን ጠይቁ። በተከበቡት ቀናት ለቅሶ ቤት፣ ሠርግና የታጨቀ ታክሲ ይቅር። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ከበር ይመለስ፤ መሳሳምም አይኑር። ጠያቂን መመለስ ለእኛ ከባድ ስለሆነ ይህን ለታማሚው አትተዉለት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይያዝና «ሐኪሙ ከልክሏል» ይበል።

የደም ምርመራ ወረቀት ሲሰጣችሁ ኒውትሮፊሉን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። የነጭ የደም ሴሉን ጠቅላላ ቁጥር በኒውትሮፊል ፐርሰንት ማባዛት ነው። ጠቅላላው 1,800፣ ኒውትሮፊሉ 25 ፐርሰንት ቢሆን 450 ይመጣል። ወረቀቱ 1.8 ብሎ ከጻፈ በሺህ የተቆጠረ ነው፤ ያው 1,800 ማለት ነው። ከ500 በታች ከሆነ ታማሚው መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። መግልን የሚሠሩት ራሳቸው ኒውትሮፊሎች ናቸውና እነሱ በሌሉበት ቁስል ላያብጥ፣ ላይቀላ፣ ላይመግል ይችላል። ሳንባ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ አክታ ላይኖር ይችላል። ትኩሳት ብቻውን የሚታይ ምልክት ይሆናል። ትኩሳትን እንዲህ አጥብቀን የምንይዘው ለዚህ ነው።

ቴርሞሜትሩ

ግንባርን በእጅ ዳስሶ «ትንሽ ሞቅ ይላል» ማለት መለካት አይደለም። በግንባር ላይ የሚደገነው መለኪያም ከፀሐይ ወይም ከምድጃ አጠገብ በመጣ ሰው ላይ ያሳስታል። ከፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፤ መለዋወጫ ባትሪም አብራችሁ ያዙ። የታማሚው ብቻ ይሁን፤ ልጆቹ የሚለኩበትን አትጋሩ።

በብብት ስትለኩ መጀመሪያ ላቡን በጨርቅ አድርቁ። ጫፉ ልብስ ሳይሆን ቆዳ መንካቱን አይታችሁ ብብቱ መሐል አስገቡትና ክንዱን ደረት ላይ አስጠግታችሁ እስኪጮህ ጠብቁ። የሜርኩሪ ከሆነ ከ5 ደቂቃ በፊት አታውጡት። የብብት ልኬት ከአፍ ልኬት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የት እንደለካችሁ ጻፉ፣ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ ለኩ። በአፍ የምትለኩ ከሆነ ቡና ወይም ሻይ ከተጠጣ በኋላ 20 ደቂቃ ቆዩ፤ አፍ ከቆሰለ ተዉት። በፊንጢጣ ፈጽሞ አይለካም። ትንሽ ጭረት እንኳ የአንጀት ባክቴሪያን ወደ ደም ያስገባል። በዚያው ምክንያት በፊንጢጣ የሚገባ እንክብልና የሆድ እጥበትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይደረግም።

በተከበቡት ቀናት ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይና ማታ ከመተኛቱ በፊት ለኩ። የ11 ሰዓቱን አትዝለሉ። የሰውነት ሙቀት በተፈጥሮው ወደ ማታ ስለሚጨምር ትኩሳት ብዙ ጊዜ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ ደግሞም በ11 ሰዓት የተገኘ ትኩሳት መኪና እያለ ይደርሳችኋል፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተገኘው ግን አይደርስም። ብርድ ብርድ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም «ዛሬ ልክ አይደለሁም» ካለ ሰዓት ሳትጠብቁ ለኩ።

ቁጥሩ ይኸውና። 38 ከደረሰ መነሳት ነው። በብብት 37.5 ከሆነ ሆስፒታል የሰጣችሁ ስልክ ካለ ወዲያው ደውሉ፤ ከሌለ እየተዘጋጃችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙ። እዚያው ከቆየ ወይም ከጨመረ ተነሱ። ካንቀጠቀጠው ግን ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል ተነሱ። ከመለካታችሁ በፊት ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ትኩሳቱን ያጠፋዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ጠዋት ላይ «ቀንሶለት ነበር» እየተባለ ራሱን ስቶ የሚደርስ ታማሚ ብዙውን ጊዜ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ባነሰበት ሰው ላይ መድማትን ስለሚያባብሱና ኩላሊትን ስለሚጎዱ በተለይ ሲስፕላቲን የሚባለውን ኪሞ ለሚወስድ ሰው አይሰጡም።

ሲነሱ

የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ሆስፒታል በተደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል። ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ «እስኪነጋ» ማለት ይህን ጊዜ ማባከን ነው። አንዳንድ ታማሚ ተመርምሮ፣ አደጋው ዝቅተኛ መሆኑ በነጥብ ተሰልቶ፣ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። ይህን የሚወስነው ግን ደሙን አይቶ፣ ግፊቱንና ትንፋሹን ለክቶ ያየው ሐኪም ነው። ለአንዱ የተሰጠው ኪኒን ለሌላው አይሆንም።

የትኛው ሆስፒታል እንደምትሄዱ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ወስኑ። ብዙ ቤተሰብ «ፋይሉ ጥቁር አንበሳ ነው» ብሎ በደጁ ያለውን ሆስፒታል አልፎ ይሄዳል። ካንሰሩን የሚያክመው ጥቁር አንበሳ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ግን አጠቃላይ ሆስፒታል ሊጀምረው ይችላል፣ ከዚያ በሪፈር ይሄዳል። ከሰበታ፣ ከዓለም ገናና ከጀሞ ሲመጡ አለርት፣ ከቃሊቲ፣ ከገላንና ከቱሉ ዲምቱ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጳውሎስ በመንገድ ላይ ናቸው። ካንሰር ክፍሉን ቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ ከእኛ ሰፈር ወዴት እንሂድ?» መልሱን ጻፉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። አምቡላንስ ከመጣ መልካም፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። መኪና ያለውን ጎረቤት ወይም የምታውቁትን የራይድ ሾፌር አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የግቢው ዘበኛም ይወቅ።

በር አጠገብ የተዘጋጀ ቦርሳ ይኑር። የሆስፒታል ካርድ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የጤና መድን ደብተር፣ የመጨረሻው የደም ውጤት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው፣ ቴርሞሜትሩ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የፈላ ውኃ በጠርሙስ፣ ጋቢና ማስክ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ተራ ይዛችሁ አትቀመጡ። ካርድ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት የመጀመሪያውን ነርስ ይህን በሉት፦ «የካንሰር ታማሚ ናት፣ ኪሞ ከወሰደች 10ኛ ቀኗ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት በብብት 38.4 ለክተናል፣ ፓራሲታሞል አልወሰደችም።» እነዚህ አራት ነገሮች ከተባሉ የሚሰማው ባለሙያ ፌብራይል ኒውትሮፔኒያን (ኒውትሮፊል ባነሰበት ጊዜ የሚመጣ ትኩሳትን) ይጠረጥራል። «ትኩሳት አላት» ብቻ ካላችሁ ግን ከወባና ከታይፎይድ ተርታ ልትሰለፉ ትችላላችሁ።

ትኩሳት ሳይኖርም የሚያስነሱ ነገሮች አሉ። መቃዠት ወይም መደናገር፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ለ15 ደቂቃ ተጭነው የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ሰገራ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ አለማስቀረት፣ በቀን ከወትሮው ላይ ሰባት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ ተቅማጥ፣ የአንድ እግር ማበጥ። አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት ከመከልከል ጋር ከመጣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለነገ አይባልም፣ እግር ከሰነፈ በኋላ መመለሱ አጠራጣሪ ነው።

ደብተሩ

በ21 ቀን አንዴ ሐኪም ፊት ተቀምጦ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» የማይል የለም። በመሐል የተፈጠረው ሁሉ ይረሳል፤ ሐኪሙም በማያውቀው ነገር መድኃኒት አያስተካክልም። ኒውዮርክ ባለው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 766 ኪሞ የሚወስዱ፣ ካንሰራቸው የተሠራጨ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከፊሎቹ በተለመደው መንገድ ታከሙ፤ ሌሎቹ የሚሰማቸውን ምልክት በየጊዜው በኮምፒውተር እየሞሉ፣ ሲብስባቸው ለነርሷ መልእክት ይደርሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት ታማሚዎቹ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ በሁለተኛው ቡድን 31.2 ወር፣ በመጀመሪያው 26.0 ወር ሆነ። አዲስ የካንሰር መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተለየው ምልክቱ ቀድሞ መነገሩና ሰሚ ማግኘቱ ነው።

እናንተ ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም፤ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ አንድ መስመር፦ ስንተኛው ቀን፣ ሦስቱ የሙቀት ልኬቶች፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ሕመም፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት፣ ምግብ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ስጡ፤ 0 የለም፣ 1 አለ ግን ሥራ አያስፈታም፣ 2 ያስተኛል፣ 3 አያስችልም። 3 ከመጣ ወይም 2 ለሁለት ቀን ከቆየ ለካንሰር ክፍሉ ይደወል። ቁጥሩን የሚናገረው ታማሚው ይሁን፤ አስታማሚ ወይ ያሳንሰዋል ወይ ያጋንነዋል። ፓክሊታክሰል የሚባለውን ኪሞ ለሚወስዱ የመደንዘዙን መስመር አደራ። ነጠላ መቋጠር፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት መድኃኒቱ ካልተቀነሰ ቋሚ ሊሆን ይችላል።

ትውከትና ማዕድ ቤት

የትውከት መከላከያ የሚዋጠው ከማስታወኩ በፊት ነው። ማቅለሽለሽ እስከ አምስተኛው ቀን ሊዘልቅ ስለሚችል «ዛሬ ደኅና ነኝ» ተብሎ ኪኒን አይዘለል። ከእነዚህ መከላከያዎች ዴክሳሜታሶን እንቅልፍ ስለሚከለክል ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰድ። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል። ኦላንዛፒን ከታዘዘላችሁ ወረቀቱ ላይ የአእምሮ መድኃኒት መሆኑን አይታችሁ አትደንግጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በ380 ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት በ10 ሚሊግራም ማቅለሽለሽን በደንብ እንደሚቀንስ አሳይቷል፣ ከሕንድ በ2024 የወጣ ደግሞ 2.5 ሚሊግራሙ እኩል እንደሚሠራና ድብታው እንደሚያንስ። ስለሚያስተኛ ማታ ነው የሚወሰደው።

ለማቅለሽለሽ ከምግቡ ይልቅ ሽታው ይከፋል። የሽንኩርት ቁሌት፣ የሚቆላ ቡናና የእጣን ጭስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታማሚው ክፍል ይራቁ፤ ወጡ ጎረቤት ወይም ውጭ ይሠራ። ለብ ያለ እንጂ ትኩስ ምግብ አታቅርቡ፣ ትኩስ የበለጠ ይሸታል። አጥሚት፣ ገንፎ፣ የአልጫ ሽሮ፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ።

ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎና ለብ ለብ ሕክምናው እስኪያልቅ አይበሉም። ከገበሬ የተገዛ ወተት ይፍላ፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም ይቅር። ፍራፍሬና አትክልት ግን ጨርሶ አይከልከል። ድሮ ትኩስ አትክልት ሁሉ ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሊያን ውስጥ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ባደረጉ ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን በንጽሕና እስከተዘጋጀ ድረስ ጥብቅ ክልከላው ኢንፌክሽን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ሙዝና ብርቱካን ታጥበው፣ ተልጠው ይበሉ።

ውኃ ላይ አንድ የኛ ከፍታ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በቦቴ የመጣውም ሮቶ ውስጥ የከረመውም እንዲሁ። በሶ የሚበጠበጠውም በዚሁ ውኃ ነው። ተቅማጥ ካለ ለምለም (ኦ.አር.ኤስ) በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ፤ ለምለም ከሌለ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር።

በጾም ወቅት የታመመ ሰው እንደማይገደድ የንስሐ አባት ራሳቸው ይናገራሉ፤ ጠይቋቸው፣ የእሳቸው ቃል ከእናንተ ልመና ይበልጣል። ለሙስሊሙም በረመዳን እንዲሁ ነው። ጸበል የሚወስድ ታማሚ በተከበቡት ቀናት መጠመቁንና ያልፈላውን መጠጣቱን እንዲያቆይ፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ከአጥማቂው ጋር ተነጋገሩ። ኮሶም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ከተወሰደ ሐኪሙ ይወቀው፤ ጉበት ላይ ከኪሞው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

አፍ ከቆሰለ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ያጉመጥምጥ፣ ይትፋው። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። በርበሬና ሎሚ ይቆዩ። ለስላሳ ብሩሽ እንጂ መፋቂያ አይጠቀም፤ ድዱን ያደማል።

ሽንት ቤት፣ መርፌ፣ ሞርፊን

ኪሞ ከተሰጠ በኋላ ለ48 ሰዓት መድኃኒቱ በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል። ፖፖ የሚደፋው፣ አንሶላ የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ነፍሰ ጡር አትንካው። የተበከለው ልብስ ለብቻው ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ሽንት ቤቱ ውኃ የሚለቀቅበት ከሆነ ከድኖ ሁለት ጊዜ መልቀቅ ነው፤ የጋራ ጉድጓድ ከሆነ ዙሪያው በውኃ ይታጠብና ይከደን። ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን፣ የወሰደ ሰው አንድ ሁለት ቀን ሽንቱ ይቀላል፤ ደም አይደለም። ሳይክሎፎስፋማይድ የወሰደ ሰው ሽንት ሲያቃጥለው ወይም ከቀናት በኋላ ሲቀላ ግን ፊኛው ተቆጥቷልና ይነገር፤ ለመከላከል በቀን ከ2 ሊትር ያላነሰ ይጠጣ፣ ሌሊትም ተነስቶ ይሽና።

ነጭ ሴል የሚያበዛው የፊልግራስቲም መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ኪሞ ከተሰጠ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይወጋም። ፍሪጅ በር ላይ ሳይሆን መሐል መደርደሪያው ላይ አኑሩት፣ ከበረዶ ቤቱም አርቁት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ከመርካቶም ሆነ ከሆስፒታል ፋርማሲ ስታመጡት በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይምጣ፤ ግን በፎጣ ጠቅልሉት፣ በረዶውን እንዳይነካ። በረዶ ሆኖ ካገኛችሁት ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አትጠቀሙበት።

ሕመም ያለበት ሰው የሚጠጣ ሞርፊን ከታዘዘለት በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12 እና 4 ሰዓት። የሌሊቱን እንዴት እንደምታደርጉ ሐኪሙ ይንገራችሁ። በማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ለኩ። ሕመሙ እስኪመለስ አትጠብቁ። ሆድ ማድረቁ የማይቀር ስለሆነ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይጀመር። ሞርፊን የመጨረሻው ቀን መድኃኒት አይደለም፤ ሕመሙ ከቀነሰ መጠኑ ይቀነሳል። ቤት ለቤት የሚሰጥ የማስታገሻ ክትትል የምትሹ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ጠይቁ።

ጥናት ውስጥ ግቡ ከተባላችሁ

ካንሰር በሚታከምባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ለምርምር መጠየቅ ያለ ነገር ነው። የስምምነቱ ወረቀት በሚገባችሁ ቋንቋ ይነበብላችሁ፤ ቤት ወስዳችሁ አማክሩ፣ ግልባጩንም ያዙ። ሳትፈርሙ የሚጠየቁ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ያለ ጥናቱ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው? ከጥናቱ የሚመጣው ተጨማሪ ምርመራና የትራንስፖርት ወጪ የማን ነው? መድኃኒቱ ቢጎዳኝ ማን ያክመኛል? ደሜ የት ይሄዳል? ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ስንት ነው? እምቢ ማለትም በመሐል መውጣትም መብት ነው፤ የተለመደው ሕክምና በዚህ አይቋረጥም።

ከገባችሁ ደብተሩ የበለጠ ይፈለጋል። የተዘለለን ቀን ከሐኪም ቀጠሮ በፊት በነበረው ምሽት ከራሳችሁ አትሙሉ፤ ባዶውን ተዉት። የተፋውን ኪኒን «ዋጠ» ብላችሁ አትጻፉ። ውጤቱ ነገ ለሌላ ታማሚ መጠን የሚወሰንበት ስለሆነ ከባዶ መስመር ይልቅ የተፈጠረ መስመር ይጎዳል።

ለሚቀጥለው ዙር ከመነሳታችሁ በፊት

ብዙ ጊዜ ኪሞ የሚሰጠው ኒውትሮፊል ከ1,000 ወይም ከ1,500 በላይ፣ ፕላትሌት ከ100,000 በላይ ሲሆን ነው፤ ልኩ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ተሰልፎ፣ ደም ሰጥቶ «ደምዎ አልደረሰም፣ በሳምንት ይመለሱ» መባል ለደከመ ሰው ከባድ ነው። ሐኪሙ ከተስማማ ምርመራውን ከቀጠሮው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ሰፈር ባለ ላቦራቶሪ አሠሩና ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለክፍሉ ላኩ። ከዚያ በጣም ቀድሞ የተሠራ ውጤት ላይቀበሉት ይችላሉ። ቁጥሩ ካልደረሰ ቀጠሮው በስልክ ይሸጋሸጋል፤ ታማሚውም ያን ጠዋት ይተኛል።